ሊማሊሞን የወጣው የጭቃ መኪና

መጀመሪያ ያየሁት የተማሪዎቼን ጭላዳዎች ታቅፎ ከክፍሌ ሲወጣ ነው።

እውነተኛ ጭላዳ እንዳይመስላችሁ። የስድስተኛ ክፍል ልጆች ከሸክላ አፈር የሠሯቸው፣ ደረታቸውን ቀይ የተቀቡ ትንንሽ ጭላዳዎች ናቸው። እኔ የትናየት እባላለሁ። ደባርቅ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክወናና እይታ ጥበባት የሚባለውን ትምህርት አስተምራለሁ፤ ስዕሉንም፣ ዜማውንም፣ ድራማውንም ማለት ነው። በቂ ቀለም የለንም። ብሩሽ የለንም። አንዲት ክራር ነበረችን፣ አውታሯ ከተበጠሰ ቆይቷል። የነበረን አንዲት ጠባብ ክፍልና ጭቃ ነው። ጭቃ ደግሞ ደባርቅ ውስጥ አይጠፋም።

መስከረም ነበር። ክረምቱን ዳባት ወላጆቼ ቤት አሳልፌ መመለሴ ነው። በሩ ላይ ተጋጨን። ከእቅፉ አንዱ ጭላዳ አመለጠና ሲሚንቶው ላይ ተሰበረ።

«ምን እያደረግህ ነው?» ብዬ ጮኽኩ።

«ይቅርታ... እርስዎ የጥበባት መምህሯ ነዎት?»

«ነኝ! አንተስ ማን ነህ? ክፍሌን ማን ክፈት አለህ?»

«ቃለ አብ እባላለሁ። አዲሱ የአይሲቲ መምህር ነኝ።» ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው፤ ሹራቡ በጭቃ አቧራ ነጥቷል። «ክፍሉ ለኮምፒውተሮቹ ተሰጥቷል። ርዕሰ መምህሩ አልነገሩዎትም?»

ከኋላው የልጆቼ ስዕሎች ተለጥፈውበት የነበረው ግድግዳ ተራቁቷል። በስጦታ የመጡት ኮምፒውተሮች በየካርቶናቸው ተደርድረዋል። እንባዬ መጣ። እሱ ፊት ላለማልቀስ ጎንበስ ብዬ ስብርባሪውን መልቀም ጀመርኩ። እሱም ሊያግዘኝ ጎንበስ አለ።

«ተው! አትንካው!»

እጁን ሰበሰበ። ይህም ይበልጥ አናደደኝ።

ስብርባሪውን እዚያው ጥዬ በቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህሩ ወደ አቶ ሰይፈ ሥላሴ ቢሮ ገባሁ።

«የትናየት፣ እስቲ ተቀመጪ» አሉኝ። «ኮምፒውተር በስጦታ ሲመጣልን ክፍል የለንም ብዬ ልመልሰው? ልጆቹ እኮ ስምንተኛ ክፍል ጨርሰው ሲወጡ ማውዝ ነክተው አያውቁም።»

«የእኔ ልጆችስ ብሩሽ ነክተው ያውቃሉ?»

ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሱ። «ገና ሌላም የምነግርሽ አለ» አሉ ቀስ ብለው። «የወላጅ መምህራን ኅብረቱ በድጎማ በጀቱ ላይ ሊሰበሰብ ነው። ሰብሳቢያችንን አቶ ጠይብን ታውቂያቸዋለሽ። ‹ልጄን ጭቃ እንድታቦካ አይደለም የላክኋት› ብለዋል። ለጥበባት አይመደብም ከተባለ፣ ከሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ይሰጣል። አንቺም ሒሳብ ታስተምሪያለሽ።»

ከቢሮው ወጣሁ። በአንድ ጠዋት ክፍሌንም ትምህርቴንም ያጣሁ መሰለኝ። ለሁሉም ጥፋተኛው ያ ሹራብ የለበሰው ሰው ሆኖ ታየኝ።

ከዚያ በኋላ ግቢ ውስጥ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ማስተማር ጀመርኩ። የደባርቅን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወረቀቱን ከልጆቹ እጅ ይነጥቃል፤ ጣት ያደነዝዛል። ልጆቹ አንዱ እጃቸው ካርቶን ይዞ፣ ሌላው በከሰል እየሣለ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ይማራሉ። ቃለ አብ በአጠገባችን ሲያልፍ ሁልጊዜ ይቆማል።

«እንደምን አደሩ?»

መልስ አልሰጠውም። ያም ሆኖ በማግሥቱ ቆሞ ይጠይቀኛል።

አንድ ቀን ለልጆቹ ያረጀ ካርቶን ፍለጋ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄድኩ። ግምጃ ቤቱን የሚይዙት ወይዘሮ አልጣሽ ናቸው፤ ከትምህርት ቤቱ ጋር ያረጁ፣ ሐሜት የማይወዱ ሴት። ያን ቀን ግን ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አፈጠጡብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ያ ምስኪን ሰው ምን በድሎሽ ነው ሰላምታ የምትነሽው?»

«ክፍሌን ወሰደብኛ!»

«እሱ ነው የወሰደብሽ? ክፍሉን ያስለቀቁት ርዕሰ መምህሩ ናቸው። ልጁማ ‹ለሁለታችን ይበቃል፣ እባክዎ አያስወጧት› ብሎ ሲለምን እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። እምቢ አሉት። ከዚያ የጉልበት ሠራተኞቹ ጭቃሽን በጆንያ ሞልተው ጉድጓድ ሊደፉት ሲሉ ‹እናንተ አትንኩት፣ እኔ አወጣዋለሁ› ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ዋለ። ነይ እስቲ!»

የውስጠኛውን በር ከፈቱልኝ። መደርደሪያው ላይ፣ እያንዳንዱ ጭላዳ፣ እያንዳንዱ ዋልያ፣ እያንዳንዱ የጭቃ ጎጆ ገለባ ተነጥፎለት ተቀምጧል። የልጆቹ ስም በሥራቸው ሥር ተጽፏል። ዳር ላይ ያ የተሰበረው ጭላዳ አለ። ራሱ፣ እጆቹ፣ ጅራቱ... ሁሉም በቦታቸው ተጣብቀዋል።

«ስብርባሪውን ጥለሽው ስትሄጂ ለቅሞ አመጣው» አሉኝ ወይዘሮ አልጣሽ። «ሲያጣብቅ እጁ ከጭላዳው ጋር ተጣብቆ ነበር፤ በሙቅ ውኃ ነው ያላቀቅሁለት።»

ሳቄም ለቅሶዬም አንድ ላይ መጣ።

ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ስገባ ብቻውን ገመድ እያገናኘ ነበር። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«ለምንድን ነው ያልነገርከኝ?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሁሉንም!»

ገባው። አንገቱን ደፋ። «ተቆጥተው ነበር። ሲበርድልዎ እነግርዎታለሁ ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ ባሕር ዛፍ ሥር በርዶኝ ነው የከረምኩት!»

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ አለቀ።

«ይቅርታ አድርግልኝ ቃለ አብ።»

«ምንም አላጠፉም።»

«አጥፍቻለሁ። ደግሞ... እርስዎ ማለቱን ተወኝ። አንቺ በለኝ።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቺ...» አለ። ብቻውን ተናገረው፣ ከኋላው ሌላ ቃል ሳያስከትል። ያቺን አንድ ቃል እስከ ዛሬ እሰማታለሁ።

በማግሥቱ ከትምህርት በኋላ አንድ ጭላዳ ይዤ እንድመጣ ጠየቀኝ። ጠረጴዛው ላይ አቆመውና በስልኩ ፎቶ አነሳው። ትንሽ ወደፊት ገፋ አድርጎ ደግሞ አነሳው። እንደገና ገፋ፣ እንደገና አነሳ። ረዘም ላለ ጊዜ እንዲሁ ሲያደርግ በትዕግሥት አየሁት። ከዚያ ፎቶዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ በፍጥነት አከታትሎ አሳየኝ።

«ተራመደ!» ብዬ ጮኽኩ። «ቃለ አብ፣ ጭላዳው ተራመደ!»

«አየሽ፣ የእኔ ኮምፒውተሮች የሚያሳዩት ነገር የላቸውም። የአንቺ ልጆች ሥራዎች ደግሞ መንቀሳቀስ አይችሉም።»

«ብናጋባቸውስ?» አልኩ ሳላስበው።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። እሱ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ጭላዳው ይራመዳል፣ ይራመዳል... ሁለታችንም ዓይናችንን ከእሱ ላይ ማንሳት አቃተን።

ፊልም ልንሠራ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ሰበሰብን። ታሪኩን የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው። አንድ ገበሬ እህሉን የጫነበት አሮጌ መኪና ሊማሊሞን ሲወጣ ፍሬኑ እምቢ ይላል። ረዳቱ ከጎማው ሥር ታኮ አስቀምጣለሁ ብሎ ሲዘል ይወድቃል። መኪናው ወደ ገደሉ መንሸራተት ሲጀምር፣ ገበሬው ሁልጊዜ ከገብስ ማሳው በድንጋይ የሚያባርራቸው ጭላዳዎች ከገደሉ ወጥተው፣ ድንጋይ እያንከባለሉ ከጎማው ሥር ያስገቡለታል። መኪናው ይቆማል። ገበሬው ያፍራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ቀላል ታሪክ ነው። ግን ልጆቹ ተራራውን በጭቃ ሲሠሩት፣ ጠመዝማዛውን መንገድ ሲያበጁ፣ አንዱን ጎማ በጣታቸው ጫፍ ትንሽ ገፍተው ትንፋሻቸውን ሲይዙ ብታዩ! ኮምፒውተር ሲነካ ይፈነዳል ብሎ የሚፈራው ልጅ ሁሉ ፎቶ መደርደርና ድምፅ መቅዳት ቻለ።

የሹፌሩን ድምፅ የሰጠችው ኑራ ናት፤ የሰብሳቢያችን የአቶ ጠይብ ልጅ። ክፍል ውስጥ ስትጠየቅ አፏን የማትከፍት ልጅ ነበረች። ማይክራፎኑ ፊት ግን ድምፅዋን አጎርንና «ያዙኝ! ኧረ ያዙኝ፣ ገደል ነው!» ስትል ሁላችንም ዘወር ብለን አየናት።

አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ጭቃውን እየጠረግን ሳለ ቃለ አብ ስለ ራሱ ነገረኝ። የተወለደው ጃናሞራ ወረዳ፣ መካነ ብርሃን ነው።

«ኮምፒውተር መጀመሪያ ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው» አለኝ። «መምህሩ ‹ክፈቱት› ሲል ሌሎቹ ከፈቱ። እኔ የት እንደሚከፈት አላውቅም። የሚያየኝ እንዳይኖር የተከፈተ አስመስዬ ተቀመጥኩ። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ጥቁሩን ስክሪን ሳይ ዋልኩ።»

«አልቅሰህ ነበር?»

«ውጪ ወጥቼ።»

እጄ በጭቃ እንደተለወሰ እጁን ያዝኩት። ያን ዕለት እንደምወደው አወቅሁ።

ፊልሙ ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው ነው ነገሩ የመጣው። የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አቶ ሰይፈ ሥላሴ ፈገግ ብለው ገቡ።

«ቃለ አብ፣ ደስ ይበልህ! የመካነ ብርሃን ዝውውርህ ተፈቅዷል። ለእኛ ግን ከባድ ነው።»

መምህራኑ አጨበጨቡ። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ወጣሁ። ተከትሎኝ መጣ።

«የትናየት፣ ቁሚ!»

«ልትሄድ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«እዚህ እንደተመደብኩ፣ አንቺን ሳላውቅ የጠየቅሁት ነው።»

«ካወቅከኝ በኋላስ? ያ ሁሉ ቅዳሜ አፍ አልነበረህም?»

«አይፈቀድም ብዬ ትቼው ነበር። ደግሞ...» ድምፁ ተሰበረ። «ካወቅሁሽ በኋላ እንዳይፈቀድ መጸለይ ጀመርኩ። እዚያ እንደ እኔ ኮምፒውተር ያላዩ ተማሪዎች እየጠበቁኝ እንዳይፈቀድ መጸለይ! በዚያ አፈርኩ። ያፈርኩበትን እንዴት ልንገርሽ?»

አልሰማሁትም። ማለቴ፣ ጆሮዬ ሰምቷል፣ ልቤ ግን አልሰማም። እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ የተረማመደብኝ መሰለኝ። እስከ ወላጆች ቀን ድረስ ከሥራ ውጪ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ልጆቹ እንኳ ሲገባቸው ጊዜ በመሃላችን መቆም ጀመሩ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። አዳራሹ ከገበያ በመጡ ሰዎች፣ በገበሬዎች፣ በእናቶች ሞልቷል። ብርሃን እንዳይገባ መስኮቶቹን ሁሉ በጋቢ ሸፈንን። ከስብሰባው በፊት ፊልሙ እንዲታይ አቶ ሰይፈ ሥላሴ ፈቅደዋል፤ በጀቱ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው። አቶ ጠይብ ፊት ለፊት፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

ፕሮጀክተሩ በራ። የጭቃው ሊማሊሞ ግድግዳው ላይ ሲታይ አዳራሹ «ውይ!» አለ። መኪናው እያቃሰተ መውጣት ጀመረ። አንድ አዛውንት «ይቺ ኩርባማ ይቺ አስቸጋሪዋ ናት!» ብለው ሲጮኹ ሰው ሁሉ ሳቀ። ፍሬኑ እምቢ አለ። ረዳቱ ወደቀ። መኪናው ወደ ገደሉ መንሸራተት ሲጀምር...

መብራት ጠፋ።

አዳራሹ ጨለመ። ጀነሬተር የለን፣ ሶላር የለን። ቃለ አብ ገመዶቹን ሲነካካ ይሰማኛል፤ ምን ያደርጋል? ሰው ማጉረምረም ጀመረ። «ይኸው እንግዲህ ኮምፒውተራችሁ!» አለ አንዱ። ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ሁሉም ነገር ከእጄ ያመለጠ መሰለኝ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ የጎረነነ ድምፅ ተነሳ።

«ያዙኝ! ኧረ ያዙኝ፣ ገደል ነው!»

ኑራ ናት። ቀጥሎ ጭላዳዎቹ፣ ማለት ልጆቹ፣ ከየአቅጣጫው መጮኽ ጀመሩ። «ድንጋይ! ድንጋይ አምጡ!» አንዷ ሮጣ አንዱን ጋቢ ከመስኮት ገፈፈችው፤ ብርሃን ገባ። ለኤግዚቢሽን ደጅ ያስቀመጥነውን የጭቃ ተራራ ተሸክመው አስገቡና መሃል ወለል ላይ አኖሩት። መኪናውን በእጃቸው ይዘው፣ ድምፁን በአፋቸው እየሰጡ፣ ጭላዳዎቹን እያዘለሉ፣ የቀረውን ታሪክ እዚያው ሠሩት። ቃል አልሳቱም። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ደጋግመው ፎቶ ያነሱት እነሱ ናቸው፣ እንዴት ይስታሉ? ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነስቶ ከበባቸው። መኪናው ገደሉ አፋፍ ላይ ሲቆም አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አለቅሳለሁ። አንድ እጅ እጄን ያዘ። ዞሬ አላየሁም፤ አውቄዋለሁ።

«ደስ አላለሽም?» አለኝ በጆሮዬ።

«ዝም በል፣ እያለቀስኩ ነው።»

አቶ ጠይብ ሲነሱ ሁሉም ጸጥ አለ። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ገበያ ውስጥ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። ያን ቀን ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመሩ።

«ይህቺ ልጄ ቤት ውስጥ ውኃ ስጡኝ ለማለት እንኳ ለእናቷ ነው በጆሮዋ የምትነግራት» አሉ። «ምን ሆና ነው እያልን ስንጨነቅ የኖርን ሰዎች ነን። ዛሬ ይህን ሁሉ ሰው ጸጥ ስታሰኝ ሰማኋት። እንደ ሹፌር ስትጮኽ!» ሳቁ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ጭቃ ማቡካት ነው ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን በእናንተ ፊት መልሼዋለሁ። ኮምፒውተሩም ያለ መብራት፣ ትምህርቱም ያለ ቀለም አይሆንም። ሶላሩም ይገዛ፣ ቀለሙም ይገዛ። በጀቱ ለሁለቱ ይከፈል። ካነሰ ወላጁ ያዋጣ። የመድረኩን መጋረጃ ከእኔ ሱቅ።»

እጅ ሲወጣ ከፊት እስከ ኋላ አየሁ። የእኔን ትምህርት ከሞት ያተረፉት ያ አዳራሽ ሙሉ ሰዎች ናቸው። ስማቸውን ሁሉ ባውቀው እዚህ እጽፈው ነበር።

ሰው ከተበተነ በኋላ እኔና ቃለ አብ ሊማሊሞ ቁልቁል ወደሚታይበት ዳገት ወጣን። ከታች የጭነት መኪናዎች እንደ ጉንዳን ይታያሉ።

«እቀራለሁ» አለኝ። «ነገ ሄጄ ዝውውሩን ተዉልኝ እላለሁ።»

ያን ቃል ለመስማት ስንት ቀን ተመኝቼ ነበር! ሲናገረው ግን ያ ጥቁር ስክሪን ፊት የተቀመጠው ልጅ ታየኝ። መካነ ብርሃን ውስጥ እንደ እሱ ስንት ይኖራሉ?

«አትቅር» አልኩት። «ሂድ።»

ፊቱ ተለወጠ። «አትፈልጊኝም ማለት ነው?»

«አንተ ሰው፣ ምን ዓይነት ነህ? ሂድ አልኩህ እንጂ ተለየኝ አልኩህ? ቀድመኸኝ ሂድ። ዓመቱን ልጆቼን ላስጨርስ። ከዚያ...»

«ከዚያ?»

«ከዚያማ አባቴ ዳባት ነው ያለው። መንገዱን ታውቀዋለህ።»

ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ሁለት እጆቹን ራሱ ላይ ጭኖ ዞር ዞር አለ። ከዚያ መጥቶ አቀፈኝ። ነፋሱ እንደ ወትሮው ነው፤ እኔ ግን አልበረደኝም።

ቃለ አብ መካነ ብርሃን ሄደ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ሲገባ ሽማግሌዎቹ ዳባት ደረሱ፤ አንድ ቄስ፣ አቶ ሰይፈ ሥላሴ፣ አቶ ጠይብም ጭምር። አባቴ አቶ ደርቤ ጥያቄ ይወዳል።

«ልጁ መካነ ብርሃን ነው የሚሠራው አላችሁኝ። መንገዱ በክረምት ይቆረጣል። ልጄን የት ላገኛት ነው?»

አቶ ጠይብ መለሱለት። «አቶ ደርቤ፣ እኔ ለልጁ ልመሰክር ነው የመጣሁት። ልጄ በእሱና በልጅዎ ምክንያት ነው የተናገረችው። መንገዱ ሲቆረጥ በእግር ሄጄ ደህንነቷን አመጣልዎታለሁ።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ «ልጅቷስ ትፈልገዋለች?» ብሎ ጠየቀ።

ጓዳ ተደብቄ መስማት እንጂ መናገር አልነበረብኝም። «እፈልገዋለሁ!» ብዬ ጮኽኩ። እናቴ በለጠች አፌን ልትይዝ ስትሮጥ፣ ሳሎኑ በሳቅ ፈነዳ። አባቴ የሳቀው እንባው እስኪፈስ ነበር።

ጥር ላይ ተጋባን። የደባርቁን የጥበባት ትምህርቴን አመተ ማርያም የምትባል ወጣት መምህርት ተረከበችኝ፤ ክራሯም አውታር ተገዝቶላታል፣ ሶላሩም ይሠራል። እኔ ወደ ባለቤቴ ሄድኩ።

ይህን የምጽፈው ከመካነ ብርሃን ነው። እዚህ ያሉን ኮምፒውተሮች ጥቂት ናቸው፤ ልጆቹ ተራ ይዘው ይማራሉ። ትናንት አንድ ተማሪ የኮምፒውተሩ መክፈቻ ጠፍቶበት ተጨንቆ ሲቀመጥ፣ ቃለ አብ ማንም ሳያይበት አጠገቡ ተንበርክኮ ጣቱን ይዞ ሲያሳየው በበሩ አየሁት። ልቤ ሞላ።

አሁን እሱ ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል።

«ምን እየጻፍሽ ነው?»

«ምስጋና።»

«ለማን?»

«ለወይዘሮ አልጣሽ፣ ለኑራ፣ ለአባቷ... ለዚያ አዳራሽ ሙሉ ሰው።»

«ለእኔስ የለም?»

«ያንተ በጽሑፍ አይበቃም» አልኩትና ላፕቶፑን ዘጋሁት።